ማሳሰቢያ፦ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት

በአርባ ምንጭ፣ በሴቻና በሲቀላ ፎቅ ለምታሠሩ፣ የጫሞን ሐይቅ በመስኮት እያሳያችሁ እንግዳ ለምታሳድሩ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ለምትዘረጉም ሁሉ።

ስለ አደጋ ጊዜ መብራት ሲጠየቅ “ጄኔሬተር አለን” ማለት የተለመደ ነው። አይበቃም። ጄኔሬተር የሚነሳው ዋናው መስመር ሲቋረጥ ነው። የሦስተኛው ፎቅ መብራት ብሬከር ብቻውን ቢወድቅ ቆጣሪው ጋ ኃይል ስላለ ጄኔሬተሩ ምንም አይሰማም፤ እንግዳው ደረጃው ላይ በጨለማ ይቀራል። ባለ ባትሪው የአደጋ ጊዜ መብራት መከታተል ያለበት የዚያኑ ፎቅ የመብራት መስመር ነው።

የሴቻ አፋፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መግቢያው ከላይ መንገዱ ዳር ሆኖ ክፍሎቹ ወደ ቁልቁለቱ በሚወርዱበት ሕንፃ መውጫው ወደ ላይ ነው። ከእንቅልፉ በድንጋጤ የነቃ ሰው ግን ወደ ታች፣ አለዚያም የሐይቁ ብርሃን ወደሚታይበት በረንዳ ይሮጣል። የመውጫ ቀስት መብራት ሊኖርባቸው ከሚገቡ ቦታዎች ሁሉ እንዲህ ያለው ይቀድማል።

ብዙ ክፍል ባለው ሕንፃ የሚመረጠው ባለ አድራሻ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ መብራት ቁጥር አለው፤ መቆጣጠሪያ ፓነሉ በሁለት ሽቦ በየቁጥሩ እየጠራ ይጠይቀዋል፣ ባትሪው የደከመውን ለይቶ ይናገራል። ሽቦው ከፓነሉ ወጥቶ መብራቶቹን አዳርሶ ተመልሶ ፓነሉ ላይ ሲታሰር ሉፕ ይባላል። አንድ ቦታ ቢበጠስ ፓነሉ በሁለቱም ጫፍ ስለሚደርስ ከግንኙነት የሚወጣ መብራት አይኖርም።

ይህን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው አንድ ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ነው። ግድግዳ ሁለቴ ላለመቦርቦር ሲባል መሄጃውና መመለሻው አብረው ይገባሉ። በወረቀት ላይ ሉፕ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ በድሪል ሲወጋው ወይም እሳት ሲደርስበት ግን ሁለቱም አብረው ይቆረጣሉ። መሄጃው በአንዱ ደረጃ ከወጣ መመለሻው በሌላው ወገን ይውረድ። ሥራው ሳይጀመር መንገዱ መወሰን እንዳለበት የዶርዜ ሸማኔ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ድሩ ሳይዘረጋ ማግ አያስገባም። የእኛ ሰው ግን ልስን ከጨረሰ በኋላ ነው “መብራቱስ በየት ይምጣ?” የሚለው።

መበጠስ ብቻም አይደለም። ሁለቱ ሽቦ ከተነካኩ ሉፑ በሙሉ ይደነዝዛል። ስለዚህ ቢያንስ በየፎቁ መግቢያ የተነካካውን ክፍል ለይቶ የሚቆርጥ አይሶሌተር ይግባ።

ቀጥሎ ስሌቱ። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር ወደ 12 ኦም አለው፤ ሁለቱ ሽቦ ሲደመሩ 24። ኃይሉንም መልእክቱንም በሚሸከም የ24 ቮልት ሉፕ ላይ 500 ሜትር ቢዘረጋ፣ ሽቦው ፓነሉ አጠገብ ቢበጠስና 0.5 አምፔር ጭነት ሩቁ ጫፍ ላይ ቢቀር፣ 6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሩቡ ማለት ነው። ሉፕ የሚሰላው ደህና ሳለ ሳይሆን እንዲህ ተበጥሶ በአንድ ጫፍ ሲመገብ ነው። ኋላ ፎቅ የመጨመር ሐሳብ ካለም ለሚጨመረው ጭነት ቦታ ከአሁኑ ይተው።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ባለ አድራሻ ሁሉ ሉፕ አይደለም። ዳሊ በሚባለው ሥርዓት አንድ መስመር የሚይዘው 64 አድራሻ ነው፣ ርዝመቱ በ1.5 ካሬ ሽቦ ከ300 ሜትር አያልፍም፣ ጫፉም ተመልሶ ቀለበት እንዲሆን አይመከርም። ስለዚህ ዕቃው ሳይመረጥ ገመድ አይሳብ። ባለሱቅ “ሁሉም አንድ ነው” ካላችሁ አትስሙት።

የአርባ ምንጭ ሙቀትም ይታሰብበት። የሊድ አሲድ ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የተሸጎጠ ባትሪ ቀኑን ሙሉ እየተጠበሰ ይውላል፤ ሦስት ሰዓት ያበራል ተብሎ የተገዛው በጭንቅ ቀን ላይደርስ ይችላል።

ኤሌክትሪሽያኖች ሆይ፣ የሽቦው ኢንሱሌሽን በሜገር በ500 ቮልት የሚለካው መብራቶቹና ፓነሉ ከመታሰራቸው በፊት ነው። ከታሰሩ በኋላ ከለካችሁ ውስጣቸው ያለው ኤሌክትሮኒክስ ሊቃጠል ይችላል። በልስን ውስጥ የተቀበረ ቅጥያም አይኑር። የትኛው ቁጥር የትኛው በር ላይ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይጻፍ፦ አንዱ ፓነሉ ጋ፣ አንዱ ዘበኛው ጋ። የክፍል ቁጥር ሲቀየር ዝርዝሩም ይቀየር፤ አለዚያ ፓነሉ “47 ባትሪ የለውም” ሲል ማንም የት እንደሆነ አያውቅም።

ፓነሉ ራሱ ይፈትናል ብሎ መተኛትም አይሆንም። በየወሩ አጭር ፍተሻ፣ በዓመት አንዴ ባትሪው የተባለለትን ጊዜ በሙሉ የሚያበራበት ሙሉ ፍተሻ ተደርጎ ውጤቱን የሚያነብ ሰው በስም ይመደብ።

ቀድሞ ለተለሰነው ሕንፃ ደግሞ እንዲህ ይደረግ። እንግዳ በሌለበት ሰዓት፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ ባለሙያ በተገኘበት፣ ከሉፑ መካከል አንድ ሽቦ ይፈታ። ፓነሉ መበጠሱን ነግሮ መብራቶቹን ሁሉ አሁንም ማየት አለበት። ዝም ካለ፣ ወይም ግማሹ ፎቅ ከዝርዝሩ ከጠፋ፣ የመመለሻው ጫፍ ፓነሉ ላይ መታሰሩን ከፍታችሁ እዩ።