ጎረቤቱ ያስቆረጠው ትዕይንት

በ1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋና ገጸ ባሕርዩን ሉክ ስካይዎከርን የሚያሳየን ፊልሙ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የምንከተለው ሁለት ሮቦቶችን ነው፤ አንዱ ፈሪና ለፍላፊ፣ ሌላው በፉጨት ብቻ የሚግባባ ድንክ። ሲቀረጽ ግን እንዲህ አልነበረም። ሉክ በረሃ ላይ ቆሞ የሰማዩን ውጊያ በመነጽር ሲመለከት፣ ያየውን ሊነግራቸው ወደ ጓደኞቹ ሲከንፍ፣ እነሱም ሲያላግጡበት፣ አብሮ አደጉ ቢግስ ደግሞ ገለል አድርጎት ወደ አማፂያኑ ሊገባ መወሰኑን ሲያጫውተው የሚያሳዩ ትዕይንቶች ነበሩ። ተዋንያን ተቀጥረውላቸው፣ ልብስ ተሰፍቶላቸው፣ በፊልም ተቀርጸው አልቀዋል። አንዳቸውም ሲኒማ ቤት አልደረሱም።

ብዙ ተመልካች «የተቆረጠ ትዕይንት» ሲባል በአእምሮው የሚመጣለት የከሸፈ ነገር ነው፤ ተዋናዩ የተሳሳተበት፣ ብርሃኑ የተበላሸበት፣ ንግግሩ የደረቀበት። እንዲህ ያለውም አለ፤ ግን እሱ ማንንም አያከራክርም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይጣልና ይረሳል። የሚያከራክረው ደህና ሆኖ ሳለ የሚወጣው ነው። እንደ እኔ አስተያየት ደህና ትዕይንት የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጥፋት ሳይሆን በጎረቤቱ ምክንያት ነው። ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ሥራውን አስቀድሞ ሠርቶበታል፤ አለበለዚያም እሱ በመሃል በመቆሙ የጎረቤቱ ጉልበት ይሰበራል። ስለዚህ ጥሩ ኤዲተር «ይህ ትዕይንት ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ አያቆምም። «ይህ ባይኖር ቀጣዩ ምን ይሆናል?» ይላል።

የሉክን ነገር በዚህ ዓይን እንየው። ከቢግስ ጋር የሚያወራበት ትዕይንት የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ከዚህ አቧራማ ስፍራ መውጣት ይመኛል፣ እኩዮቹ ሲሄዱ እሱ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሉክ ከአጎቱ ጋር ማዕድ ላይ ተጨቃጭቆ ወደ ውጭ ይወጣና ሁለት ፀሐዮች ሲጠልቁ ቆሞ የሚያይበት ቅጽበት አለ። ቃል የለበትም፤ የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ብቻ ነው። ያንኑ ምኞት ይናገራል፤ ያውም በሰከንዶች። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢኖሩ ኖሮ የፀሐዮቹ ትዕይንት አስቀድሞ የሰማነውን የሚደግም ጌጥ ይሆን ነበር። የቢግስ ወሬ ሲወጣ ግን መጀመሪያ የሰማነው ነገር ሆነ።

ይህ ያለ ዋጋ አልመጣም። ቢግስ በመጨረሻው ውጊያ ላይ ይሞታል፤ ተመልካቹ ግን ማን እንደሞተ እንኳ በቅጡ አያውቅም። የቆራጮቹ ስሌት የአንድን ወዳጅ ሞት አቅልሎ የፊልሙን መጀመሪያ ማዳን ነበር። በእኔ እምነት ትክክል ሠርተዋል፤ ሆኖም ኪሳራ የለውም የሚል ሰው ፊልሙን እንደገና ይየው።

ከዚሁ ፊልም የበለጠ የሚያስረዳ ሌላ ነገር አለ። ኮንትሮባንዲስቱ ሃን ሶሎ ከአበዳሪው ከጃባ ጋር ስለ ዕዳው የሚነጋገርበት ትዕይንት ተቀርጾ ነበር፤ ጃባን የተጫወተው ሰው ሲሆን በእሱ ምትክ ሌላ ፍጥረት ለማስገባት በጊዜው ሳይቻል ቀረና ተተወ። የዕዳው ወሬ መጠጥ ቤት ውስጥ ግሪዶ ከሚባለው አዳኝ ጋር ወደሚደረገው ንግግር ገባ። በ1997 የፊልሙ ዳይሬክተር ሉካስ ኮምፒውተር የሠራውን ጃባ አስገብቶ የቀረውን ትዕይንት መለሰው። ውጤቱ አሁን ሁሉም ሰው የሚያየው ነው፤ ሃን ሶሎ ለግሪዶ የሰጠውን ሰበብ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ለጃባ መልሶ ይሰጣል። ትዕይንቱ ለብቻው ቢታይ ነውር የለበትም። ጎረቤቱ ግን ቀድሞ ተናግሮበታል።

እዚህ ላይ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ተጻፈ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ስክሪፕት ጸሐፊ እንግዳው ስንት እንደሚሆን ሳያውቅ ድግስ እንደሚደግስ ሰው ነው። የተዋናዩን ፊት፣ የቦታውን ብርሃን፣ የሙዚቃውን ክብደት አላየም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ይረዳ ዘንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይናገራል። ተዋናዩ በአንድ ዝምታ የሚያደርሰውን እሱ በአንድ ገጽ ንግግር ይጽፈዋል። ከቀረጻ በኋላ ዝምታው እንደሠራ ሲታይ ገጹ ትርፍ ይሆናል። ዋልተር መርች የተባለው አሜሪካዊ ኤዲተር «ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» በተሰኘ መጽሐፉ የመቁረጥን ውሳኔ በስድስት መለኪያ ሲመዝን ለስሜት ከመቶ 51 ይሰጣል፤ ለታሪክ 23፣ ለምት 10፤ ሥዕሉ ከቀዳሚው ጋር መገጣጠሙን የሚመለከቱት ቀሪዎቹ ሦስቱ ተደምረው 16 ብቻ ናቸው። ቁጥሮቹን እንደ ሒሳብ መውሰድ አያስፈልግም፤ እሱም በከፊል እየቀለደ ይመስለኛል። ቅደም ተከተሉ ግን ከልብ ነው። መረጃ ስለያዘ ብቻ የሚኖር ትዕይንት በዚህ ሚዛን ላይ ይቀላል።

ወደ ጣሊያን እንሻገር። የጁሴፔ ቶርናቶሬ «ሲኒማ ፓራዲሶ» ራሱ ስለ መቆረጥ የተሠራ ፊልም ነው። በአንዲት የሲሲሊ መንደር ቄሱ እያንዳንዱን ፊልም ከሕዝቡ በፊት ያያሉ፤ መሳሳም ሲመጣ ደወል ይመታሉ፤ የሲኒማ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው አልፍሬዶም ቦታውን ምልክት አድርጎ ይቆርጠዋል። ትንሹ ሳልቫቶሬ ከአልፍሬዶ ሥር ሥር እያለ ያድጋል፣ ኤሌና የምትባል ልጅ ይወድዳል፣ ያጣታል፣ በአልፍሬዶ ምክር መንደሩን ጥሎ ሮም ይገባና ዝነኛ የፊልም ሰው ይሆናል። ከብዙ ዓመት በኋላ ለአልፍሬዶ ቀብር ሲመለስ ሟቹ የተወለት አንድ ጥቅል ፊልም ይሰጡታል። የተቆረጡት መሳሳሞች ሁሉ ተቀጣጥለው ውስጡ አሉ።

ፊልሙ በ1988 በጣሊያን ረዘም ብሎ ሲወጣ ገበያ አጣ። ከዚያ ወደ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ገደማ ተቆርጦ ወደ ውጭ ሲላክ በ1989 በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ታላቅ ሽልማት ወሰደ፤ ቀጥሎም የውጭ ቋንቋ ኦስካርን አገኘ። ከተቆረጠው ውስጥ ትልቁ ሳልቫቶሬ ጎልማሳ ሆኖ ኤሌናን መልሶ የሚያገኝበት ክፍል ነው። ጎልማሳዋን ኤሌና የተጫወተችው ብሪዥት ፎሴ ነበረች፤ ገና በሕፃንነቷ በ1952ቱ «የተከለከሉ ጨዋታዎች» ዓለም ያወቃት ፈረንሳዊት። ኦስካር በወሰደው ቅጂ ውስጥ ፊቷ አንዴም አይታይም።

በ2002 ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቅጂ ሲኒማ ቤት ሲገባ ተመልካቹ የተደበቀውን አወቀ። ሁለቱ በተለያዩበት ቀን ኤሌና ቀጠሮዋን አላፈረሰችም፤ መጥታ ነበር። ልጁን ከእሷ የለየው፣ «ለእሱ የሚበጀው መለያየታችሁ ነው» የሚለውን ፍርድ የፈረደው አልፍሬዶ ነበር። ጥሩ ትዕይንት ነው፤ ተዋንያኑም የተካኑ ናቸው። ብዙ ጥያቄ ይመልሳል። ነገር ግን ከእሱ በኋላ የሚመጣውን የመሳሳሞች ጥቅል ተመልከቱ። በአጭሩ ቅጂ ስጦታ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ለሚወደው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተከለከለውን ሁሉ ሰብስቦ መለሰለት። በረጅሙ ቅጂ ግን ካሣ ይመስላል፤ የራስህን ፍቅር ነፍጌሃለሁና የሌሎችን እንካ ዓይነት። ከመሳሳሞቹ አንዲት ፍሬም አልተለወጠችም፤ ሙዚቃውም ያው የሞሪኮኔ ነው። የተለወጠው ከእነሱ በፊት የተቀመጠው ብቻ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ መራራነቱ ለአዋቂ ይስማማል ይላሉ። ክርክሩን አከብራለሁ፤ ሆኖም ሁሉን የሚያስረዳ ፊልም ተመልካቹ ራሱ የሚሞላውን ቦታ ይወስድበታል፤ የእኔ ድምፅ ለአጭሩ ነው።

ይህ ሁሉ መቀሱ በታሪኩ ወዳጅ እጅ ሲሆን ነው። ፍርሃት ሲይዘው ነገሩ ይገለበጣል። ኦርሰን ዌልስ በ1942 «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ»ን ቀርጾ ወደ ብራዚል ለሌላ ፊልም ሄደ። ካሊፎርኒያ ፖሞና ከተማ ውስጥ ማርች 17 ለሙከራ ሲታይ አዳራሹን የሞሉት ሰዎች አንድ ቀላል የሙዚቃ ፊልም አይተው ገና ሳይነሡ ነበር፤ አገሩም ጦርነት ከገባ ሦስት ወር ገደማው ነው። ስለ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ መውደቅ የሚተርከው ዝግተኛ ፊልም ሲመጣባቸው የሳቁ ነበሩ። የአርኬኦ ስቱዲዮ ኃላፊዎች ደነገጡ። ከ130 ደቂቃ በላይ የነበረው ወደ 88 ወረደ፤ ጨለማው መጨረሻ ወጥቶ ሌላ ሰው የቀረጸው የሆስፒታል ኮሪደር ዕርቅ ገባ። የተቆረጠው ኔጋቲቭም እንዲወድም ተደረገ። የዛሬ ተመልካች ያንን መጨረሻ ሲያይ ከየት መጣ ይላል፤ ምክንያቱም ከእሱ በፊት ያሉት ትዕይንቶች ሁሉ ወደ ውድቀት እየወሰዱት ነበር። እዚህ የተጠየቀው ቀጣዩ ትዕይንት ምን ይሆናል የሚለው ሳይሆን አዳራሹ ምን ይላል የሚለው ነው።

ስለ ሙከራ ዕይታ ክፉ ብቻ መናገር ግን ግብዝነት ነው። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ዳይሬክተር የትኛው ቦታ ላይ ወንበሮች መንቋቋት እንደሚጀምሩ ይሰማል፤ ይህን ማንም ወዳጅ አይነግረውም። ችግሩ ተመልካቹ የሚያመውን ቦታ በትክክል እያሳየ መድኃኒቱን ግን መሳቱ ነው። «መጨረሻው ደበረኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የደበረው ከዚያ ሃያ ደቂቃ በፊት ያለው ነው።

ሳንሱር ሌላ ነገር ነው፤ ረጅም ማውራትም አያስፈልገውም። በንጉሡም በደርግም ዘመን በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የሚታየው የመንግሥትን ዓይን ያለፈ ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በ2014 ዱባይ ሲኒማ ገብቶ «ዘ ዎልፍ ኦፍ ዎል ስትሪት»ን ያየ ሰው 45 ደቂቃ ገደማ የጎደለው ፊልም ነው ያየው። ሳንሱር ከኤዲተር የሚለየው ጎረቤት የሚባል ነገር ስለማያውቅ ነው። ቁራሹን ለብቻው ያያል፤ ካልወደደው ያወጣዋል፤ ግራና ቀኙ ቢላተሙ ግድ የለውም። የሳንሱር ቁርጥ በጆሮ እንኳ የሚታወቀው ለዚህ ነው፤ ሙዚቃው በመሃል ይሰናከላል።

ቴሌቪዥን ላይ ቆራጩ ሰዓት ነው። የአሜሪካ የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ ማስታወቂያው ሲነሣለት 22 ደቂቃ ገደማ ይቀረዋል። በሌላ ጣቢያ ሲደገም ደግሞ ለተጨማሪ ማስታወቂያ ሲባል ደቂቃዎች ይቀነሱለታል። ያኔ የሚወጣው ታሪኩን የማያናጋ ነው፤ ማለትም ገጸ ባሕርያቱ ዝም ብለው አብረው የሚቀመጡበት፣ ምንም የማይፈጠርበት፣ እኛ ግን እነሱን የወደድንበት ቅጽበት። በሌላ በኩል ሰዓት የማይገድበው የኢንተርኔት ስርጭት መጣና ጉዳዩን ከተቃራኒው አሳየን። የ2022ቱ «ስትሬንጀር ቲንግስ» የምዕራፍ መዝጊያ አንድ ክፍሉ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ከልካይ ሲጠፋ እያንዳንዱ ትዕይንት የመኖር መብት ያገኛል፤ ጎረቤታሞች አንድ ነገር እየተቀባበሉ ይናገራሉ፤ ተመልካቹም ስልኩን ያነሣል።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚጎዳው ተዋናይ ነው። ኤድሪያን ብሮዲ በ1998ቱ «ዘ ቲን ሬድ ላይን» ዋና ተዋናይ ነኝ ብሎ ሠርቶ ፊልሙ ሲወጣ ጥቂት ቃል ብቻ ቀርቶለት አገኘው። ክሪስቶፈር ሊም በ2003 የሳሩማን ትዕይንቱ ከ«ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ» መውጣቱን ሲሰማ መከፋቱን አልደበቀም፤ ትዕይንቱ በኋላ በረጅሙ ቅጂ ተመልሷል። የሁለቱም ሥራ መጥፎ ነበር ያለ የለም።

የተቆረጠ ይመለስ የሚለውን ክርክር እንደ ፍራንሲስ ኮፖላ እስከ ጫፉ የሞከረው ጥቂት ነው። ለ«አፖካሊፕስ ናው» የተቀረጸው ከ230 ሰዓት በላይ ነበር፤ መርችም ከኤዲተሮቹ አንዱ ነው። በ1979 ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኖ ወጣ። ካወጡት ውስጥ ዋናው በጀልባ የሚጓዙት አሜሪካውያን ወታደሮች በወንዝ ዳር የፈረንሳዮች እርሻ ላይ ደርሰው ስለ ቬትናም ታሪክ እራት ላይ የሚከራከሩበት ረጅም ክፍል ነው። በ2001 ፊልሙ 202 ደቂቃ ሆኖ ሲመለስ እርሻው ገባ። ከታሪክ አንጻር ጠቃሚ ነው፤ አሜሪካ ከማን እጅ ምን እንደወረሰች ይናገራል። ነገር ግን ጀልባዋ ከዓለም እየራቀች ወደ ጨለማ ስትገባ ድንገት ነጭ የማዕድ ጨርቅ፣ ወይንና ፖለቲካ ይመጣል፤ ከእራቱ በኋላ ወደ ጀልባዋ ስንመለስ ፍርሃቱን እንደገና ከመጀመሪያ መሥራት ይኖርብናል። በ2019 ኮፖላ ማንም ሳያስገድደው ሦስተኛ ቅጂ ሠራ። እርሻውን አላወጣውም፤ በ2001 ከመለሳቸው ሌሎች ትዕይንቶች መካከል ግን አንዳንዶቹን እንደገና አወጣ። ይህኛው 183 ደቂቃ ነው።