«በርበሬው ሻገተብኝ፤ ልጣለው ወይስ ልሽጠው?»

የዛሬው ጉዳያችን ቅናትም ክህደትም አይደለም፤ በርበሬ ነው። «በርበሬ ደግሞ ምን ችግር ሆኖ ነው?» ብላችሁ እንዳታልፉት። ደብዳቤውን አንብቡትና ራሳችሁ ፍረዱ። ጠያቂያችን ደሴ የምትኖር ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ናት። ረዘም ስላለ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«የተጋባነው ኮምቦልቻ ነው። የባለቤቴ ሥራ ወደ ደሴ ሲዛወር ባለፈው ግንቦት አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ገባን። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ምድጃው ሁሉም እዚያችው ውስጥ ነው። አማቴ የዓመት በርበሬያችንን በእጃቸው አሰናድተው፣ አስፈጭተው፣ በትልቅ ባለክዳን ባልዲ ሞልተው ላኩልን። ቦታ ስላልነበረኝ አልጋ ሥር ከተትኩት። በነሐሴ ስከፍተው ተጓጉሏል፤ ዳር ዳሩ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። ለአማቴ ብነግራቸው ‹ፀሐይ ሲወጣ አስጪው፣ ንፊውና ብሉት፤ እኛ ስንት ዘመን ኖረንበታል› አሉኝ። ባለቤቴ ‹ይሄ ሁሉ ገንዘብ ሊደፋ ነው?› ብሎ አኩርፏል። ቁርስ ቤት ያላት ጎረቤቴ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ልግዛሽ እያለችኝ ነው። ልጄ አሥር ወሯ ነው፤ ገና ወጥ እየለመደች ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ፤ አትብሉት፣ አትሽጪውም።

በወንፊት ስትነፊው የሚወገደው በዓይን የሚታየው ሻጋታ ብቻ ነው። አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታሉ። ይህ መርዝ አይታይም፣ አይቀመስም። ፀሐይ ላይ ማስጣት አያድነውም፤ ወጥ ውስጥ ሲንተከተክ ቢውልም አይጠፋም። ዓለም ያወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው። ያኔ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ ሆነው አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ የበሉት የለውዝ ፋጉሎ ሻግቶ ተገኘ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን መርዝ በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች መድቦታል። ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል።

የፈረንጅ አገር ወሬ ነው እንዳትይኝ። በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በ8ቱ፣ ከ60 የሽሮ ናሙናዎች ደግሞ በ5ቱ ውስጥ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል። እርግጥ ሻጋታ ሁሉ መርዘኛ አይደለም። ግን የትኛው መርዘኛ እንደሆነ እኔም አንቺም በዓይናችን አንለየውም። አማትሽ «ስንት ዘመን ኖረንበታል» ማለታቸውም አይገርምም፤ ይህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ በልተውት ነገ የሚጥል አይደለም። ጉበትን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ፣ በዓመታት ነው። እስካሁን የቀመሳችሁት ካለ አትደናገጪ። ማስታወክ፣ የበረታ የሆድ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካያችሁ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ኮምቦልቻ ዓመት የሚቆይ በርበሬ ደሴ ላይ ለምን በሦስት ወር ሻገተ? ሁለቱን ከተሞች የሚያራርቃቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ይሁንና ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። ዶሮ መዝለያን የወጣ ሰው ሹራቡን የሚፈልገው በከንቱ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ጦሳ ጉም ሲለብስ ደሴ ላይ የታጠበ ልብስ እንኳ አልደርቅ ይላል። የተፈጨ በርበሬ ደግሞ እርጥበትን ከአየር ይስባል። አንቺ ያለሽው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የወጡ እንፋሎት፣ የሰው ትንፋሽ፣ የሚሰጣው ልብስ ሁሉ እዚያው ይቀራል። አልጋ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ወለል ደግሞ የባሰ ነው።

ባለጸጎች ሲጋራቸውን የሚያኖሩበት ሂዩሚዶር የሚባል የእንጨት ሳጥን አለ። ሲጋር ሲደርቅ ይበላሻልና በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ እንዲሆን ይጠብቁታል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ይሻግትባቸዋል። የእርጥበት መለኪያቸው ትክክል መሆኑን የሚፈትኑት በምን መሰለሽ? በጨው! የረጠበ ጨው በታሸገ ነገር ውስጥ ሲቀመጥ አየሩን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። የእኛ በርበሬ የሚፈልገው ግን ደረቅ አየር ነው። የጨውዋን ዘዴ ብቻ እንዋሳቸው። በጣሳ ክዳን ላይ ትንሽ ደረቅ ጨው አድርገሽ በርበሬውን ልታኖሪ ባሰብሽበት ቦታ ሁለት ቀን ተዪው። ረጥቦ ካገኘሽው እዚያ ያለው አየር 75 በመቶ ገደማ ደርሷል ማለት ነውና ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ለከርሞ እንዲህ አድርጊ።

አንደኛ፣ ዛላው በደንብ ሳይደርቅ አይፈጭ። ሲወዘወዝ ፍሬው የሚንኮሻኮሽ፣ ሲታጠፍ የሚሰበር መሆን አለበት። ተለምጦ የሚመለስ ከሆነ ገና ነው።

ሁለተኛ፣ ከወፍጮ ቤት ትኩሱን ይዘሽ መጥተሽ አትክደኚው። ንጹሕ ነገር ላይ ዘርግተሽ አቀዝቅዢው። በትኩሱ ከተከደነ ላቡ ክዳኑ ላይ ይቋጥርና መልሶ ይንጠባጠብበታል።

ሦስተኛ፣ ለሚቆየው በርበሬ ጨው አይግባበት። ጨው በእርጥብ አየር ውኃ ይጠራል። ወጡ ላይ ብትጨምሪው ምን ቸገረሽ?

አራተኛ፣ ትልቁን ባልዲ ተዪው። በከፈትሽው ቁጥር የደሴን ጉም እየጋበዝሽው ነው። አንድ አንድ ኪሎ በሚይዙ፣ ክዳናቸው በሚጠብቅ ዕቃዎች እስከ አፋቸው ሙይና አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ክፈቺ። ትንንሽ ዕቃ ለጠባብ ቤትም ይመቻል፤ ቁም ሳጥን ላይ ይደረደራል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከምድጃው ደግሞ የተቻለውን ያህል። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት፤ በሚፈላ ድስት አናት ላይም አትክፈቺው።

አምስተኛውና ዋናው፣ የዓመቱን በርበሬ በሙሉ ደሴ ምን አስመጣው? አማትሽ ኮምቦልቻ ሰፊና ደረቅ ቦታ ካላቸው ጎተራሽ እዚያ ይሁን። ዛላውን እሳቸው ያኑሩልሽ፤ በየሁለት ወሩ የሚበቃሽን ያህል ይፈጭና ይላክልሽ።

ይህ ለአማትና ለምራት ነገርም መድኃኒት ነው። ስጦታቸውን ጣለችው ከሚባል አስቀድመሽ በአክብሮት ንገሪያቸው። «እማዬ፣ የእጅዎ ሙያ አልጎደለም፤ ያበላሸው የደሴ ጉም ነው። ከእርስዎ ዘንድ ቢቀመጥ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» በያቸው። ሙያቸውን ካልነካሽባቸው ነገሩ ይበርዳል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ገንዘቡ የሚጠፋው ስትደፊው እንዳልሆነ አስረጂው፤ የጠፋውማ የሻገተ ዕለት ነው። ብትበሉት አይመለስም፤ የሚከተለው የሐኪም ወጪ ነው። ጎረቤትሽን በተመለከተ ግን አልለሳለስም። እሷ በግማሽ ዋጋ የገዛችውን የሚበላው በጠዋት ተነስቶ ሥራ የሚሄድ፣ ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ለልጅሽ ያልሰጠሽውን ለሰው ልጅ አትሽጪ። ለዶሮም አይሰጥ፤ ላም ብትበላው ደግሞ መርዙ ወደ ወተቷ ያልፋል። አፍንጫሽን በነጠላ ሸፍነሽ፣ ጉድጓድ አስቆፍረሽ ቅበሪው። ባልዲውን በሳሙናና በፈላ ውኃ አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው።

ሌሎቻችሁም ዛሬ ማታ አልጋ ሥር ያለውን ዕቃ አንድ ጊዜ ከፈት አድርጋችሁ እዩት። ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።