የበረካው አተላ

ሐይቅ ከተማም ሆነ አምባሰል ገጠር ቡና አንድ ጊዜ ተቀድቶ አይቀርም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይላል። ዱዓው ተደርጎ ምርቃቱ ከወረደ በኋላ ጀበናው ይለቀለቅና አተላው ጓሮ ይደፋል። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ስለምትጠጣ የሚደፋውም ቀላል አይደለም። በዚህ አተላ እንጉዳይ ማብቀል ይቻላል፤ ለወሎ ደግሞ ከሌላው ዘዴ ሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴ መኖ ነው። እንጉዳይ ይመረት በተባለ ቁጥር የሚታዘዘው ጭድ ነው። አምባሰል ላይ ግን ጭድ ትርፍ ሆኖ አያውቅም፤ በበጋ የበሬው ቀለብ ነው፣ ለቤት ምርጊትም ይቦካል። ገበሬው ከበሬው አፍ ነጥቆ እንጉዳይ አያበቅልም፤ ደግሞም ልክ ነው። የቡና አተላን ግን የሚሻማ ከብት የለም።

ለዚህ የሚስማማው ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ነው፤ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የሐይቅ አየርም ይመቸዋል። አተላው ፈልቶ ስለሚወጣ ከብዙ ተህዋስያን የጸዳ ነው፤ እስከ ማግስቱ ካልተዘራበት ግን ሻጋታ ይቀድመዋል። በእጅ ሲጨመቅ ውሃው የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ይጠንፍፍ። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ደቃቅ ስለሆነ ብቻውን ይታፈናል፤ በፈላ ውሃ የተዘፈዘፈ እፍኝ ጭድ ቢገባበት አየር ያገኛል። ጀበናው ውስጥ ጨው ከተጨመረ ግን አተላው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዘሩ ተቀላቅሎ በተበሳሳ ላስቲክ ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ በሁለትና ሦስት ሳምንት ነጭ ድር ያለብሰዋል። አረንጓዴ ከታየበት ከሌሎቹ ይራቅ።

የአንድ ቤት አተላ እፍኝ አይሞላም የሚሉ እውነት አላቸው፤ እያጠራቀሙ ማቆየትም አይቻልም። ስለዚህ መጀመር ያለባቸው በደሴና ወልዲያ መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ቢተባበሩ በቀን ባልዲ ይሞላሉ። የጅብ ጥላን መፍራትም ተገቢ ነው። ከዱር የሚለቀም እንጉዳይ ሊገድል ይችላል፤ የሚዘራው ግን ዓይነቱ የታወቀ ነው፣ ከተዘራው ሌላ የበቀለ ነገር ካለ መጣል ነው። ሰው እንጉዳይ አይበላም ለሚሉኝ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ የሚወጣውን ቆሮሶ ዓሣ አሳያለሁ፤ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ ዛሬ ስንቱን ያሳድራል። እርጥብ እንጉዳይ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ስለሆነ ምስርና ባቄላን አይተካም፤ በጾም ወጥ ላይ ሲጨመር ግን ለገበታው ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ዘሩ ነው። የእንጉዳይ ዘር ጓሮ አይለቀምም፤ በንጹሕ ቤተ ሙከራ እህል ላይ ይባዛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳዊት አባተ ኦይስተርን በአገር ቤት ዕቃ ማብቀል እንደሚቻል ከጻፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው፣ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ዘሩን አባዝቶ በየሳምንቱ ለቡና አፍዪዎቹ ያድርስ፤ የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ሥልጠና ብሎ ሰው ከመጥራቱ በፊት የዘሩን ማድረሻ ቀን ይቁረጥ።