በራሷ ጩኸት የደነቆረች ሳተላይት

ብዙ እየተናገረ የሌላውን ቃል የማይሰማ ሰው በየቢሮውም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ሳታውቁ አትቀሩም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ይኸው ዕጣ ስለ ደረሰባት ስለ አንዲት ትንሽ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ስሟ ዩኦሳት አንድ ይባላል። በእንግሊዝ አገር በሰሪ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ስዊቲንግ ከጥቂት የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ሠሯት። ስዊቲንግ ራዲዮን ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀት ፍቅር ከሚሠሩት፥ አማተር ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። ክብደቷ 52 ኪሎ ነበር፤ ይኸውም ከግማሽ ኩንታል እህል እምብዛም አይበልጥም። ጥቅምት 6 ቀን 1981 ከካሊፎርኒያ በአሜሪካ ሮኬት ከአንዲት ሌላ ሳተላይት ጋር ተጭና ወጣች።

ከመሣሪያዎቿ አንዱ ምድርን የሚያነሣ ካሜራ ነበር። በውስጡ ፊልም የለም፤ ፊልሙን ከሰማይ ማን ያወርደዋል? በፊልም ፈንታ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ገጽ ነበረው። ገጹ በ256 መስመር፥ እያንዳንዱም መስመር በ256 ነጥብ ተከፍሎ በጠቅላላው 65,536 ነጥብ ይሆናል። የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን በቁጥር ተለውጦ በራዲዮ ይወርዳል። በምድር ያለው ተቀባይም ቁጥሩን በተራ ሲደረድረው ብሩሁና ጨለማው ተለይቶ ሥዕል ይወጣል። የታሰበውም አንድ አማተር በቤቱ ሆኖ በማይከብድ ዋጋ ይህን እንዲቀበል ነበር።

ነገር ግን በ1982 አንድ አደጋ ደረሰ። የተበላሸው ብረቱ ወይም ሽቦው አይደለም፤ በተጻፈላት ትእዛዝ ውስጥ ስሕተት ገብቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ሁለቱ ማሰራጫዎቿ ባንድ ጊዜ ተከፈቱ፤ ትእዛዝ የሚቀበሉት ጆሮዎቿም በገዛ ድምፅዋ ተደፈኑ። «ዝም በዪ» ቢሏት አትሰማም፤ ስለማትሰማም ዝም አትልም።

ለወራት እንዲሁ እየጮኸች ምድርን ዞረች። በመጨረሻ በካሊፎርኒያ የሚገኘውን የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ታላቅ አንቴና፥ ወርዱ 46 ሜትር የሚሆነውን፥ ወደ እርሷ አዞሩ። የምድሩ ድምፅ ከራሷ ጩኸት በረታና ትእዛዙ ገባ፤ ማሰራጫዎቹም ተዘጉ። ከዚያ በኋላ እስከ 1989 ድረስ ቆይታ፥ በጥቅምት ወር ወደ አየር ተመልሳ ገብታ ተቃጠለች።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ታሪክ ለተማሪዎቼ ስተርክ፥ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ ብዙ ቆየ። እኔ ግን ወሬው ጣፍጦኝ አላቋረጥሁም። ደወል ተደወለ፤ ልጁም ጥያቄውን እንደ ያዘ ወጣ። የመስማትን ነገር እያስተማርሁ ሳልሰማ ቀረሁ።

ለእኔ 46 ሜትር አንቴና የሚያዞርልኝ የለም። ስለዚህ ነገ ጧት ልጁን ጠርቼ «ምን ልትለኝ ነበር?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። እናንተስ፥ አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ሳምንት ማንን ሳትሰሙ ቀራችሁ?