የአልባይሲን ማዕድ

በደቡብ ስፔን በግራናዳ ከተማ፣ ከአልሐምራ ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ አልባይሲን የተባለ ጥንታዊ የሙስሊሞች ሰፈር አለ። ሲመሽ ነዋሪውም እንግዳውም በጠባብ መንገዶቹ ለእራት ይወጣል። በብዙዎቹ ቤቶች መጠጥ ላዘዘ ሰው «ታፓስ» የተሰኘ ምግብ በትንሽ ሳህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀርብለታል።

የምግቦቹን ስም ልብ በሉ። የወይራው ፍሬ «አሴይቱና»፣ ደበርጃኑ «ቤሬንሄና»፣ የተፈጨው ሥጋ ድብልብል «አልቦንዲጋ» ይባላል። ሦስቱም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው።

ስሙ ቀረ፤ ባለቤቶቹ ግን ሄዱ። ግራናዳ በ1492 እ.ኤ.አ. እጅ ስትሰጥ ሃይማኖታችሁ አይነካም ተብለው ነበር። ቃሉ በጥቂት ዓመታት ፈርሶ በግድ ተጠመቁ፤ ዘሮቻቸውም ከ1609 እስከ 1614 ከአገር ተባረሩ። በዚያ ዘመን የአሳማ ሥጋና ወይን ጠጅ አለመቅመስ ብቻ ለኢንኩዊዚሽን ችሎት ያስጠረጥር ነበር።

ዛሬ በሰፈሩ በ2003 የተከፈተ መስጊድ አለ። በታፓስ ላይ አሳማ የተለመደ ስለሆነ ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ «ሲን ሴርዶ»፣ ያለ አሳማ፣ ብሎ ይዘዝ፤ ሐላል ሥጋ ካላገኘ ዓሣና አትክልቱ ይበቃዋል። የቀድሞዎቹ ሊናገሩት የፈሩትን ቃል ልጆቻችን ያለ ስጋት ጮክ ብለው ሲናገሩት፣ ከምግቡ በፊት አልሐምዱሊላህ ሊባልበት ይገባል።