የሰው ወርቅ አያደምቅም



በእንጅባራ ብርድ ሌሊቱን ተቀምጠን የጻፍነው የመመረቂያ ጽሑፍ በቫይረስ ሲጠፋብን ያላዘንን ስንቶቻችን ነን? ኀዘኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ ምክንያቱ ግን አንነጋገርም። ብዙዎቻችን የምንሠራው ሳንገዛ ባገኘነው፣ ቁልፉ ተሰብሮ በተገለበጠ ዊንዶውስ ነው። ቁልፍ ሰባሪው ፕሮግራም እንዲሠራልን ጸረ ቫይረሱን እናጠፋለን። በሩን ራሳችን ከፍተን «ሌባ ገባ» እያልን እንጮኻለን።

ነገሩ የሕግም ጥያቄ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል። የሰውን ጽሑፍ መስረቅ ነውር መሆኑን በክፍል የምንማር እኛ፣ ጽሑፋችንን በተሰረቀ መሣሪያ ስንጽፍ አናፍርምን?

ደግሞም የዊንዶውስ 10 መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ላፕቶፖች አይቀበልም። ወላጆቻችን ድንችና ገብስ ሸጠው ያስተምሩናል፤ ሌላ ላፕቶፕ ግዙልን ልንላቸው ነውን?

ሌላ መንገድ አለ። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ እንደ እኛው ተማሪ ነበር፤ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ኡቡንቱን በ2004 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያቀረበው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ዋጋ አይከፈልበትም፤ ለጓደኛ መገልበጡም የተፈቀደ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ አማርኛም ይጻፍበታል። ለዊንዶውስ የተሠራው የፍላሽ ቫይረስም በዚያ አይነሣም።

ችግር የለውም አንልም። አውቶካድ በሊኑክስ አይሠራም፤ የምህንድስና ተማሪዎች ይህን ይወቁ። በዎርድ የተጻፈ ሰነድም በሊብሬኦፊስ ሲከፈት አንዳንድ ጊዜ ቅርጹ ይዛባል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቀን ይለውጥ ማለታችን አይደለም። አስቀድሞ ፋይልን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎም ኡቡንቱን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል።

የተማሪዎች ኅብረታችንን የምንለምነው አንድ ቅዳሜ መድቦ የሚያውቁት የማያውቁትን እንዲያስተምሩ ነው። መምህራኖቻችንን ደግሞ የቤት ሥራችንን በፒዲኤፍ እንዲቀበሉን እንለምናለን። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ በፈቃድ የተሰጠንን ትተን በተሰረቀው ለምን እንኖራለን?