ግብር እንደ አቅም፣ ደመወዝ እንደ ኑሮ፣ በጀት በአደባባይ



መንገድ፣ ውኃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያለ ግብር አይገኙም። ስለዚህ ግብር አትክፈሉ የሚል ቅስቀሳ ከእኛ አትሰሙም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሸክሙን ማን ተሸከመው? ገንዘቡስ በማን ውሳኔ የት ዋለ?

በዚህች ከተማ አንድም ወር ሳያዘገይ ግብር የሚከፍለው ደመወዝተኛው ነው። ገንዘቡ እጁ ከመግባቱ በፊት ግብሩ ተቆርጦ ይቀራል። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው ማስተካከያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ 700 ብር የሥራ ግብርና 420 ብር የጡረታ መዋጮ ሲነሳ 4,880 ብር ይተርፋል። ከዚህችው ላይ ደግሞ ሳሙናና ልብስ ሲገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። የቤት ኪራይና ታክሲ ገና አልተነኩም።

በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ገቢ 150 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ሆነ። ከዚያ ለዘጠኝ ዓመታት ገበያው ሲንር ይህ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ 2,000 ብር ሲደርስ እንደ ችሮታ ተነገረ። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. 600 ብር በባንክ ምንዛሪ 27 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ 2,000 ብር 15 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ቁጥሩ አደገ፤ ከግብር ነፃ የሆነው እንጀራ ግን አነሰ። በዚያው ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ ሁሉ በአንድ ምጣኔ፣ በ35 በመቶ፣ ይታሰባል። 15,000 ብር የሚያገኝ መምህርና በወር ሚሊዮን የሚቆጥር ሰው ከዚያ በላይ ላለችው ለእያንዳንዷ ብር እኩል ይከፍላሉ። ይህ እንደ አቅም መክፈል አይደለም።

አነስተኛ ነጋዴውም በ2009 ዓ.ም. ክረምት የወረደበትን የቀን ገቢ ግምት አልረሳም። ግምቱ ሱቅ እስከ ማዘጋት ደርሶ ነበር።

የግል ድርጅት ሠራተኛው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደመወዝ በየጊዜው እንዲሻሻል ይደነግጋል። አዋጁ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላም ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለአስተናጋጇ የተወሰነ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ወደ ከተማችን በጀት እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከ230 ቢሊዮን አለፈ። ለ2018 ዓ.ም. 350 ቢሊዮን ገደማ ጸደቀ። አዲስ አበባ ወጪዋን በአብዛኛው የምትሸፍነው ከራሷ ነዋሪ በምትሰበስበው ገቢ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጨመረው የጣሪያና ግድግዳ ግብርም የዚሁ አካል ነው። እኛ የሰፋ መንገድና የተተከለ አበባ አንጠላም። ነገር ግን ውኃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰፈር፣ ከቤቱ የተነሳ ነዋሪና በታክሲ ሰልፍ የሚመሽበት ሠራተኛ ቅደም ተከተሉን ማን አወጣው ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ስለሆነም ፓርቲያችን የሚከተለውን ለመፈጸም ቃል ይገባል፤

1. ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ በየዓመቱ በዋጋ ግሽበት ልክ በሕግ እንዲስተካከል፣ ለከፍተኛ ገቢም ተጨማሪ እርከን እንዲወጣ እናደርጋለን።

2. የደመወዝ ቦርዱን በመጀመሪያው ዓመት ሥራ እናስጀምራለን። ወለሉ በየዘርፉ ተጠንቶ ይወሰናል፤ አነስተኛ አሠሪዎች እንዳይዘጉ የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

3. በግምት ግብር የተጣለበት ነጋዴ ምክንያቱን በጽሑፍ ያገኛል፤ አቤቱታውንም ገማቹ ያልሆነ አካል ያያል።

4. የከተማው በጀት ከመጽደቁ በፊት በየወረዳው ለውይይት ይቀርባል። የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ወጪ፣ ተቋራጭና የኦዲት ውጤት በግልጽ ይለጠፋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የተሰጡ የግብርና የቀረጥ ነፃ መብቶችን እንመረምራለን። ለዓመታት ታጥረው ሳይለሙ የተቀመጡ ቦታዎችን ግዴታቸውን እንዲወጡ እናደርጋለን። ደመወዝ በአንድ ሌሊት እጥፍ ይሆናል ብለን ግን አናታልላችሁም።

የገቢ ግብሩን ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የከተማዋን በጀት የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። በሁለቱም ወንበሮች ማን እንደሚቀመጥ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከኪሳችሁ ለወጣው ገንዘብ ሒሳብ የሚያቀርብላችሁን ምረጡ።